ለሁለት የሚበቃ ጢም

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። የዶርም ጓደኞቼ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዷን ወንዝ ሞልቶባት ሰው ተሸክሞ አሻግሯታል። ሌላዋ ሰፈራቸው ሲፈርስ አባቷ የቤታቸውን በር በጀርባቸው ተሸክመው ሲሄዱ ታስታውሳለች። የእኔ ታሪክ ግን የሳሙና አረፋ ነው፤ አያቴ ጢማቸውን ሲላጩ ፊታቸው ላይ የሚቀቡት አረፋ። ስለ አረፋ ምን ተብሎ ይጻፋል? ብጽፈውስ ማን ያነበዋል? እንዲህ እያልኩ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ግን የግቢያችንን በር የሚጠብቁት አዛውንት መታወቂያዬን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ከአገጫቸው ሽታው መጣ። ከቱቦ የሚጨመቀው ክሬም ሽታ አይደለም። የክቡ፣ የደረቁ የጢም ሳሙና ሽታ ነው፤ ለውዝና አዲስ የታጠበ አንሶላ አንድ ላይ የሚሸት ዓይነት። መታወቂያዬን መልሰው ሰጥተውኝ እንኳ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።

«ምነው ልጄ፣ መንገዱ ጠፋሽ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ አልጠፋኝም» ብዬ ገባሁ። ውሸቴን ነበር። ለዚያች ደቂቃ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አቃቂ በሰቃ፣ በአባባ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር፤ ደግሞም የአጎቴን ልጅ ሜሮንን ዓይኗን ማየት አልፈልግም ነበር።

አባባ የምላቸው የእናቴ አባት ናቸው። እኛ የምንኖረው እሳቸው ቤት ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ፋብሪካውን ቢተዉትም የቅዳሜ ጠዋት መላጨታቸውን ግን አልተዉም። የጎረቤቱ ወንድ ሁሉ ፀጉር ቤት ሄዶ በማሽን ሲላጭ አባባ በረንዳቸው ላይ፣ ምስማር ላይ በተሰቀለች መስታወት ፊት ይቀመጡ ነበር። ዕቃዎቻቸው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረደራሉ፦ ጠርዟ የተፈነካከተ ሰማያዊ የብረት ኩባያ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ክብ ሳሙና፣ መላጫው፣ ፎጣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሩሹ።

ብሩሹን አብሯቸው ይሠራ የነበረ የውጭ አገር መካኒክ አገሩ ሲገባ ነው የሰጣቸው። እጀታው የቀንድ ነው፤ አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ጠጉሩ ከሥሩ ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ እንደገና ነጭ ነው። ደረቁን ጉንጭ ላይ ሲያስኬዱት የድመት ሆድ ይመስላል። «ጉድጓድ እየቆፈረ የሚኖር የፈረንጅ አገር አውሬ ጠጉር ነው። ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት» ይሉ ነበር አባባ። እኔ አላመንኳቸውም። የአባባ ፀጉርም ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ስለነበር ብሩሹ ከራሳቸው ፀጉር የተሠራ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ማንም እንዳይነካባቸው የሚፈልጉት ለዚህ ነው ብዬም አስብ ነበር። አውሬው ባጀር እንደሚባል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ስልኬ ላይ ፎቶውን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ነጭ መስመር አለው።

አረፋውን ራሳቸው አይመቱም ነበር። ፋብሪካ እያሉ የተጎዳው የቀኝ እጃቸው አንጓ በክረምት ይቆረጥማቸዋል። መላጫውን ቀስ አድርጎ መሳብ አያስቸግራቸውም፤ ብሩሹን ማሽከርከር ነው የማይችሉት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አረፋውን የምትመታላቸው እናቴ ነበረች። በዚያ ዓመት ግን እናቴ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ ገባች። ቅዳሜም ሳይቀር ሰርቪሱ ጎሕ ሲቀድ ይወስዳት ጀመር። ብሩሹ ያለ ሰው ቀረ። ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ክረምቱ እየገባ ነው፣ እኔ ደግሞ የቤቱ ብቸኛ ልጅ ነኝ። የማን ሊሆን ነው ታዲያ? ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሰኔ ሊያልቅ አካባቢ ሜሮን መጣች።

ሜሮን የሟቹ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከእናቷ ጋር ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት። እናቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ትምህርት ሲዘጋ ልጇን የምትተውበት ስለሌላት ክረምቱን እኛ ጋ እንድትከርም አመጣቻት። አባቷ የሞተው እኔ ገና አራት ዓመቴ ሳለ ነው፤ እኔ የማውቀው ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶውን ብቻ ነው። ሜሮን በመጣች ቀን አባባ ሁለት ጉንጯን በእጃቸው ይዘው ብዙ አዩዋት። እኔን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ከዚያ ፎቶውን ቀና ብለው አዩ። እኔ ያኔ ልብ ያልኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ፎቶውን ማየታቸው ትርጉም የሰጠኝ ኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አረፋውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። በደንብ ተዘጋጅቼበታለሁ። ለአባባ የሚገባው ምርጡ ውሃ ነው ብዬ ለመጠጥ ከተቀመጠው ጀሪካን፣ ያንን ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ቀዳሁ። በማንቆርቆሪያ አሞቅኩት። ብሩሹን ዘፈዘፍኩ፣ አራገፍኩ፣ ሳሙናው ላይ አሽከረከርኩ፤ ከዚያ ኩባያው ውስጥ ድስት እንደምፈገፍግ አድርጌ ፈገፈግኩት።

«አትጫኚው። ጫፉ ነው የሚሠራው» አሉ አባባ።

አረፋው ወጣ፤ ግን የልብስ እጥበት አረፋ ነበር። እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣ፣ ሲያዩት ጧ እያለ የሚፈነዳ። ጉንጫቸው ላይ ሲቀቡት በአንገታቸው ወርዶ ሸሚዛቸው ውስጥ ገባ። አባባ «ይበቃል፣ ይበቃል» ብቻ ብለው ተላጩ። ሜሮን ከደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ታየን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ መስታወቷን እያስተካከሉ፣ «እስቲ ዛሬ ደግሞ ሜሮን ትሞክር» አሉ።

ሜሮን ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። እዚያው ከሰሉ ላይ ውሃ አሙቃ፣ እዚያው ሠርታ መጣች። ያን አረፋ አሁንም አየዋለሁ። አንዲት ዓይን የለበትም። እንደ ረጋ እርጎ ድፍን ብሎ ብሩሹ ላይ ቆሟል፤ ኩባያዋን ብትገለብጣት እንኳ የሚወርድ አይመስልም። አባባ ከጉንጫቸው ጀምረው ሲቀቡት ፊታቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! እጅሽ እንዴት ለስላሳ ነው!»

እኔ «ይበቃል» ተባልኩ። እሷ «እሰይ» ተባለች። ያ ክረምት ለእኔ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለፈ ክረምት ነው።

ከዚያ በኋላ ብሩሹ የሜሮን ሆነ። ማንም እንዲህ ይሁን አላለም፤ ቅዳሜ ሲመጣ አባባ «ሜሪዬ» ብለው ይጣራሉ፣ አለቀ። እሷም አትኮራም፣ አትናገረኝም። ይህ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ነበር። ብትኮራ ኖሮ ቢያንስ ለእናቴ የምከሰው ነገር አገኝ ነበር። ሳህን ታጥባለች። አልጋዋን ታነጥፋለች። ምሳ ሲቀርብ ሦስቴ ካልተለመነች እጇን አትሰድም። እናቴ «አየሽ የሰው ልጅ?» ትለኛለች። እኔ አየሁ፤ ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እጅሽ ለስላሳ ነው ማለት ቆዳሽ ለስላሳ ነው ማለት መስሎኝ ስለነበር የራሴን ማለስለስ ጀመርኩ። ቀን ማታ ቫዝሊን እቀባለሁ። ሻካራ እንዳይሆን ብዬ ጀሪካን መሸከም ተውኩ። እናቴ አንድ ቀን የበር እጀታውን ስትይዝ አዳለጣት።

«ይሄን ቅባት ማን ነው ቤቱ ላይ የለቀለቀው?» ብላ ጮኸች።

ሜሮን አየችኝ፤ እሷ ናት ብላ አልተናገረችብኝም። ለዚህም ቀናሁባት። ጥሩ መሆን እንኳ በእሷ እጅ የሚያምር መሰለኝ።

አባባ ተላጭተው ሲጨርሱ የሚሄዱት ጋሽ ከድር ሱቅ ነበር። ጋሽ ከድር ከስልጤ መጥተው እኛ ሰፈር የሱቅ በር የከፈቱት እናቴ ሳትወለድ ነው። ክቡን የጢም ሳሙና ለአባባ ብለው ከመርካቶ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ የሚገዛ ሰው የለም። ራሳቸው ግን ሒና የተቀባ፣ ደረታቸው ላይ የደረሰ ጢም ነበራቸው። አባባ ሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጋሽ ከድር ባንኮው ላይ ተደግፈው ሲተራረቡ መስማት ይጣፍጣል።

«ተሰማ፣ አላህ ያበቀለውን በየሳምንቱ ታጭዳለህ። አንተን እርሻ ሚኒስቴር ነው መክሰስ ያለበት።»

«አንተስ? እንደ ሙሽራ እግር ሒና ትቀባለህ።»

«እኔ ጌጥ አለኝ። አንተ ምን አለህ? የተላጠ ድንች!»

«ድንቹን የሚያወዛው የአንተ ሳሙና ነው፣ ከድር።»

ጋሽ ከድር የአባባን ጉንጭ በጣታቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጋሉ፤ ሳሙናው ጥሩ መሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስል። አንድ ቅዳሜ ዳሰሱና ወደ እኔና ወደ ሜሮን ዞሩ። «ዛሬስ በጣም ለስልሷል። አረፋውን ማን ሠራ?» አሉ። አባባ ሜሮንን በአገጫቸው ጠቆሙ። ጋሽ ከድር ከብርጭቆ ዕቃው ሁለት ከረሜላ አውጥተው ለእሷ አንድ፣ ለእኔም አንድ ሰጡን። የእኔን ሳልበላ ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። ለሥራ የተሰጠ አልነበረም፤ አብሮ ለቆመ ሰው የተሰጠ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሜሮን እናት ለሁለት ቀን ወሰደቻት። ቅዳሜም በመካከል ወደቀ። ጠዋት ስነቃ ዝናብ ነበር፤ ደስታዬ ግን ፀሐይ የወጣ ያህል ነበር። አባባ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ወጡና አካባቢውን ቃኙ።

«ሜሮን የለችም ለካ» አሉ።

«እኔ አለሁ፣ አባባ።»

«አንቺማ አለሽ» አሉ።

ምርጡን ውሃ ቀዳሁ። ቫዝሊን በተለቀለቀ እጄ ብሩሹን ያዝኩ። አሁን ሳስበው ቅባቱም የድርሻውን ሳያበላሽ አልቀረም። እንዳልጫን ብዬ እጄን አላላሁ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ እንደገና ውሃ ጨመርኩ። አረፋው ወጣ፣ ፈነዳ፣ ቀጠነ። አባባ እንደዚያው ተቀቡትና ቀኝ ጉንጫቸውን ተላጩ። ወደ ግራው ሲዞሩ ውሃው በክንዳቸው እየወረደ ነበር። «ይበቃል» ሊሉኝ ነው ብዬ አፋቸውን አያለሁ።

በዚያ መካከል የግቢው በር ተንኳኳ። የጋሽ ከድር ትልቁ ልጅ ሸምሱ ነበር። ጃንጥላም አልያዘም።

«ጋሼ» አለ። «ጋሼ፣ አባዬ...»

አባባ መላጫውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ፤ ፊታቸውን በፎጣው ጠረጉ፤ አረፋው ጆሯቸው ሥር እንደቀረ፣ ግራ ጉንጫቸው ሳይላጭ፣ ጋቢያቸውን አንሥተው ከሸምሱ ጋር ወጡ። ጋሽ ከድር የዚያኑ ቀን ተቀበሩ። አባባ ሲመሽ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኖ ተመለሱ። ዕቃዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ደርድሬ ጠብቄያቸው ነበር። ግራ ጉንጫቸውን ይጨርሳሉ ብዬ ነው። አላዩትም።

በማግስቱም አልተላጩም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ወንበራቸውን አላወጡም። ጢማቸው ማደግ ጀመረ፤ ያውም ግራው ቀድሞ፣ ቀኙ ኋላ ቀርቶ። ያ ያልተስተካከለ ፊት የእኔ ሥራ መሰለኝ። ጋሽ ከድር መሞታቸውን አውቃለሁ፤ አልቅሻለሁም። ግን ሞትና መላጨት ምን እንደሚያገናኛቸው የነገረኝ ሰው አልነበረም። አባባ ሜሮን ብትኖር እንዲህ አልዋረድም ነበር ብለው መላጨት ያስጠላቸው፣ ያን ቀጭን አረፋዬን ቀምሰው የተዉት መሰለኝ። ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ብሩሹ ደርቆ ጠጉሩ ሲረግፍ አስብ ነበር።

የነገረችኝ ሜሮን ናት። ፍልሰታ ገብቶ የተልባ ፍትፍት እየበላን ነበር።

«ለምን አኮረፍሽ?» አለችኝ።

«አላኮረፍኩም። አባባ በእኔ ምክንያት ነው የማይላጩት።»

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ምን ያገናኘዋል? ለጋሽ ከድር እኮ ነው። ሰው ሲሞት ወንዶች እስከ አርባው ጢማቸውን አይላጩም። ለአባቴም እንደዚህ ነው ያደረጉት። እኔ ያኔ ጢማቸውን አላውቀው ብዬ ሸሽቼያቸው ነበር።»

ይህን ስትናገር እንደ ተራ ነገር ነው፤ ጨው አቀብይኝ የምትል ያህል። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ። ወርዶ ሳይጨርስ ግን ሌላ ተተካ፦ ሐዘንን እንኳ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች። አባባ ለእሷ አባት ብለው ጢም አሳድገዋል። የእሷና የአባባ የሆነ፣ እኔ የሌለሁበት አንድ ሙሉ ዘመን አለ። በአባት ሞት የሚቀና ሰው ይኖራል? እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቀናሁ።

«ስልጤ ናቸው፣ እስላም ናቸው» አልኳት፣ የሆነ ነገር ላሸንፍ ብዬ። «አርባ ለእነሱ አይደለም።»

«ለአባባ ነዋ» አለች ሜሮን። «የሚያዝኑት እሳቸው አይደሉ?»

ፍልሰታ ሲፈታ የሜሮን እናት የዓመት ፈቃድ ወጥታ ወሰደቻት። ቤቱ ለእኔ ቀረ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? አባባ አይላጩም። የሳሙናውን ቆርቆሮ እየከፈትኩ እያሸተትኩ እዘጋው ነበር።

ነሐሴ ሊገባደድ ሲል እናቴ እሑድ ዕለት የአባባን ጋቢ ለማጠብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ልማዴ ከቧንቧው ውሃ ቀዳሁላት። ሳሙናውን ስታሽ፣ ስታሽ፣ ገበቴው ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ ተንሳፈፈ።

«ማሂዬ፣ ይሄን ድፊውና ከበርሜሉ አምጪልኝ» አለች። «የአቃቂ ቧንቧ ሳሙና አይቀበልም! ማንቆርቆሪያው ውስጥ የጋገረውን ነጭ ድንጋይ አላየሽም?»

በርሜሉ ጓሮ፣ ከአሸንዳው ሥር ነበር፤ የክረምቱን ዝናብ የምናጠራቅምበት። አንድ ባልዲ ቀዳሁላት። ሳሙናው ውሃውን ሲነካ አረፋው ተነሣ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሌለው። የእናቴ ክንድ እስከ ክርኗ ጠፋበት።

ቆሜ አየሁት። ያን አረፋ አውቀዋለሁ። ኩባያዋን ይዛ ወደ ጓሮ መሄዷ፣ ከሰሉ ላይ ማሞቋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣልኝ። እናቴን ስጠይቃት ሳቀች። «እናቷ ሰው ቤት የመጠጥ ውሃ እንዳትነኪ ብላታለች፤ እነሱ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ብለምናት እንኳ ከጀሪካኑ አትቀዳም ነበር።»

እጇ አይደለም! ውሃው ነው! እኔ ለአባባ የሚጠጣውን፣ ጥርት ያለውን ሰጠሁ፤ እሷ ልብስ የምናጥብበትን። «እሰይ» ያገኘው ደግሞ የልብሱ ውሃ። በባዶ እግሬ ሩጬ ወጣሁ። አባባ ጋሽ ከድር ሱቅ ደረጃ ላይ፣ እንደ ድሮው ተቀምጠው ነበር። ባንኮው ላይ ሸምሱ ነበር፤ የሚተርባቸው ሰው አልነበረም። ጢማቸው አሁን ወፍራም ሆኖ ሌላ ሰው አስመስሏቸዋል።

«አባባ! ሜሮን እኮ ከበርሜሉ ነው የምትቀዳው! እጇ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም!»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ጓሮ ስትቀዳ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን እጅሽ፣ እጅሽ ይሏታል?»

አባባ ጢማቸውን አሻሹ። «ታዲያ ምን ልበላት? በርሜልሽ ጎበዝ ነው ልበላት?»

ሸምሱ ከባንኮው ኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«እኔን አንድ ቀን እንኳ እሰይ ብለውኝ አያውቁም።»

አባባ ዞረው አዩኝ። የእውነት የገረማቸው መሰለኝ። «አንቺ እኮ የቤቱ ልጅ ነሽ» አሉ። «ሰው የራሱን እጅ እሰይ ይለዋል?»

ይህ መልስ ያኔ አልገባኝም። የባሰ በደል መሰለኝና ወደ ቤት ሄድኩ።

የጋሽ ከድር አርባ ጳጉሜ ውስጥ፣ በሩፋኤል ዕለት ዋለ። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ እስኪመጣ በየደጁ ልብሳቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ፤ የሩፋኤልን ዝናብ ያልታጠበ ልጅ አዲሱን ዓመት እንዴት ይገባል? እኔ ግን በረንዳ ላይ ነበርኩ። አባባ ከጋሽ ከድር መቃብር ተመልሰው ወንበራቸውን አወጡ። የተቀመጡት መስታወቷ ፊት ነበር። ለአርባው ከሥራ የቀረችው እናቴ መጀመሪያ ጢማቸውን በመቀስ ጎረደችላቸው። ወለሉ ላይ የወደቀው ነጭና ጥቁር ነበር፤ ልክ እንደ ብሩሹ። አባባ ጉንጫቸውን ዳሰሱና፣

«ማሂ» አሉ። «ውሃ አሙቂ።»

ከየት እንደምቀዳ አልነገሩኝም። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ከበርሜሉ ቀዳሁ። ብሩሹ ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ተከፈተ። ይህ ጠጉር ለስላሳ ስለሆነ ውሃ ይደብቃል፤ አራግፈው የጨረሱ ሲመስል ገና ነው፤ በእጅ መዳፍ ጨመቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ጨመቅኩት። ሳሙናው ላይ በጫፉ ብቻ አሽከረከርኩት፣ ከዚያ ኩባያው ውስጥ፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ። መጀመሪያ ዓይን አወጣ። አላቆምኩም። ዓይኖቹ ደቀቁ፣ ጠፉ፣ አረፋው ከበደ፤ ብሩሹን ሳነሣው ጫፉ ላይ እንደ ምንቸት ክዳን ቆሞ ቀረ።

አባባ ተቀቡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተጨፈነው ዓይናቸው ውሃ ወርዶ አረፋው ላይ ቀጭን መንገድ ሠራ።

«ሳሙናው ዓይንዎ ገባ እንዴ?» አልኩ፣ ደንግጬ።

«አልገባም። ይሄ ሳሙና የመጨረሻው ነው፤ ከድር ነው ያመጣው» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ ማሂ።»

መጀመሪያ ወደ ታች ተላጩ፤ እንደገና ተቀብተው ወደ ላይ። ሁልጊዜም ሁለት ዙር ነው። ጨርሰው ፊታቸውን ሲያብሱ የተላጠ ድንች ይመስሉ ነበር፤ ያን ብሎ የሚተርባቸው ግን አልነበረም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ኩባያዋን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። የሰማሁትን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩት ነበር።

ዝናቡ ሲጥል የግቢው በር ተከፈተና ሜሮን ከእናቷ ጋር ገባች። ፀጉሯ ተጣብቋል፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች።

«አባባ! ሳሙና አገኘን! እማዬ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቃ ነው፣ ክቡን...» አለች። ከዚያ ፊታቸውን አየች። ኩባያዋን ጭኔ ላይ አየች።

«ጨረሱ?» አለች።

ፌስታሉን የያዘው እጇ ወረደ፤ አፏ ፈገግ እንዳለ ዓይኗ ወደ መሬት ሄደ። ያን ፊት ማንም አላሳየኝም፤ ያወቅኩት ከውስጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ የለበስኩት የራሴ ፊት ነበር። ለዚህች ቅጽበት ስንት ቀን ጸልዬ ነበር! ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

«አልጨረሱም» አልኩ። «ሦስተኛው ዙር ቀርቷል።»

ሦስተኛ ዙር የሚባል ነገር በቤታችን ኖሮ አያውቅም። አባባ ፎጣው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። እኔን አዩኝ። ሜሮንን አዩ። ፎጣውን መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉና ተቀመጡ።

«አዎ» አሉ። «ሦስተኛው ቀርቷል።»

ኩባያዋን ሰጠኋት። አዲሱን ሳሙና ከፍታ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ከአንድ በርሜል፣ ያንኑ ውሃ ነው የቀዳችው። ጎን ለጎን ቆሜ እጇን አየሁ። ብሩሹን የያዘችው እንደ ጫጩት ነው፤ እንዳይሞትም፣ እንዳያመልጥም። ጠጉሩ አይታጠፍም፤ ኩባያውን ይነካል እንጂ አይጫንም። አረፋው ከእኔው ከፍ ብሎ ቆመ። ውሃው ብቻ አልነበረም ለካ።

«እሰይ!» አሉ አባባ። «እሰይ!»

ሁለት ጊዜ አሉ። እኔ ቆጠርኩ። ቀናሁም፤ መቼም አልዋሽም። ወዲያው ግን አባባ ሁለት ጊዜ የተላጨውን ጉንጫቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲስቡ አገጫቸው ላይ ቆረጣቸው። ጠብታ ደም ነጩ አረፋ ላይ ወጣ። ሜሮንም እኔም እኩል ጮህን። አባባ ከመስኮቱ ደፍ ቁራጭ ወረቀት ቀደው ለጠፉበትና በመስታወቷ ውስጥ ሁለታችንን አዩን።

«እንግዲህ ልጆቼ» አሉ፣ «ለሁለት ሰው የሚበቃ ጢም የለኝም። ሂዱ፣ ዝናቡን ታጠቡ።»

ብሩሹን ከአሸንዳው ሥር አብረን አለቀለቅነው፤ እሷ እጀታውን ይዛ፣ እኔ በጣቴ ሳሙናውን ከጠጉሩ እያስወጣሁ። ጫፉን ወደ ታች አድርገን መስኮቱ ላይ አንጠለጠልነውና ጫማችንን አውልቀን ወደሚጮሁት ልጆች ሮጥን። ያ ክረምት ለእኔ ያለቀው በዚያች ሐሙስ፣ ጳጉሜ ሦስት ቀን ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው።